የመጋቢት 1993 ልጆች

ስለ ኢትዮጵያ እግር ኳስ ወሬ ከተነሣ ማለቂያው ጥር 1954 ዓ.ም. ነው። ሉቻኖ ቫሳሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ ግብፅ 4 ለ 2፣ ጃንሆይ ዋንጫውን ሲሰጡ... አለቀ። ከዚያ ወዲህ ያለውን እንደ ረዥም ሐዘን አንገት ደፍተን እናልፈዋለን። በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስንበትን ሰሞን አንዳንዱ ያነሣው ይሆናል። መጋቢት 1993ን ግን የሚያነሣ አላጋጠመኝም።

እኔ በምኖርበት በቤቴል፣ አስፋልቱ ዳር ባሉት ቡና ቤቶች ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ኳስ ለማየት የሚታጨቁት ወጣቶች ሚካኤል ኤሲየን ለቼልሲ ያገባትን ጎል ከነደቂቃዋ ይነግሩሃል። ኤሲየን በ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ለጋና በተሰለፈበት ውድድር ኢትዮጵያም እንደነበረች ስነግራቸው ግን «ጋሼ ደግሞ ይቀልዳሉ» ብለው ሳቁብኝ። አልፈርድባቸውም። ማን ነገራቸው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ20 ዓመት በታች የአፍሪካ ዋንጫ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979፣ ይድነቃቸው ተሰማ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት በነበሩበት ዘመን ነው። ናይጄሪያውያን ጋዜጠኞች ውድድሩን «የተሰማ ዋንጫ» እያሉ ይጠሩት ነበር። አባትየው ነገረኛውና ባለቅኔው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ስማቸው በሌጎስ የስፖርት ገጽ ላይ እንዲህ ሲመላለስ ቢሰሙ ምን ዓይነት ቅኔ ይዘርፉ እንደነበር ሳስበው ይገርመኛል! ይድነቃቸው በ1979 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ አረፉ። በስማቸው ይጠራ የነበረው ውድድር ወደ አገራቸው የመጣው እሳቸው ካለፉ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ነው።

የመጣበትን ሰሞን አስታውሱ። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በአልጀርስ ስምምነት ከተዘጋ ገና ሦስት ወሩ ነው። ገዢው ፓርቲ ውስጥ ክፍፍል ተፈጥሯል፤ ማን ተባረረ፣ ማን ቀረ እየተባለ ከተማው በሹክሹክታ ተወጥሯል። በዚህ መሐል ስምንት አገሮች ልጆቻቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ከ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ወዲህ እንዲህ ያለ አህጉራዊ የኳስ ድግስ ያላየው ስታዲየም ሞላ። ካታንጋም፣ ሚስማር ተራም፣ ከማን አንሼም በአንድ አፍ የሚጮኽበት ነገር አገኘ።

ልጆቻችንን ያሠለጥን የነበረው ዲዬጎ ጋርዚቶ ነው፤ ከዓመታት በኋላ የኮንጎውን ቲፒ ማዜምቤ ለአፍሪካ ሻምፒዮንነት ያበቃው ሰውዬ። የዕድሜው ገደብ ከታኅሣሥ 1973 መጨረሻ ወዲህ መወለድ ነበር። እንግዲህ አስሉት፦ የ77ቱ ድርቅ ሲገባ ትልቁ ገና አራት ዓመቱ፣ ደርግ ሲወድቅ ዐሥር ዓመቱ ነው። እነዚህ ልጆች ከስምንቱ አራተኛ ወጡ። ዋንጫውን አንጎላ ጋናን 2 ለ 0 አሸንፋ ወሰደች፤ ግብፅ ሦስተኛ ሆነች። አራተኛነት ሜዳሊያ ባያስገኝም ወደ አርጀንቲና፣ ወደ ዓለም ዋንጫው፣ የሚወስድ ትኬት ነበር።

የፍጻሜው ጨዋታ በተደረገ በሦስተኛው ሳምንት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት ተቃውሞ ከግቢ ወጥቶ ከተማውን አናወጠው። ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ፣ ማኅበራችንና ጋዜጣችን ይመለስልን ነበር ጥያቄያቸው። ከሠላሳ በላይ ሰው ሞተ፤ በሺህ የሚቆጠር ወጣት ታሰረ፤ ወደ ኬንያ የተሰደደም ነበር። በዚያ ዘመን ሥነ ጽሑፍ አስተምር ስለነበር የዚያ ዕድሜ ልጅ ፊት በደንብ አውቃለሁ። መጋቢት ላይ ባንዲራ ለብሶ ካታንጋ የጨፈረው ወጣትና ሚያዝያ ላይ በየጣቢያው የታጎረው ወጣት እኩያሞች ናቸው፤ አንዳንዱማ ያው ራሱ ነው። ኳሱ የተረሳበት አንዱ ምክንያት ይኸ ይመስለኛል። ሰው በዚያ ዓመት የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነበረው።

ሰኔ ላይ ልጆቹ አርጀንቲና ገቡ። ምድባቸው ሆላንድ፣ ኮስታሪካና ኢኳዶር ያሉበት ነበር። ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈው ተመለሱ። ያ ውድድር ሳቪዮላ 11 ጎል አግብቶ አርጀንቲናን ለዋንጫ ያበቃበት ነው። ይኹን እንጂ የኢትዮጵያ ወንዶች በየትኛውም የፊፋ የዓለም ዋንጫ የተሰለፉት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ወደሚቆጨኝ ነገር ልምጣ። መሸነፋቸው አይደለም። በአዲስ አበባው ውድድር ከአንድ እስከ አራት የወጡትን አገሮች ተራ በተራ ተከተሉ። ጋና በዚያው ሰኔ ለዓለም ወጣቶች ፍጻሜ ደረሰች፤ ግብፅ ሦስተኛ ሆነች። አንጎላ ወጣቶቹን ያሠለጠነውን ኦሊቬራ ጎንሳልቬስን ዋናውን ቡድን ያዝ አለችው፤ ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ2006 ጀርመን ለተደረገው የዓለም ዋንጫ አደረሳት። ጋናም እዚያው ነበረች፤ ለሁለቱም የመጀመሪያቸው ነው። ግብፅ ከዚያው ዓመት ጀምሮ ሦስት የአፍሪካ ዋንጫ በተከታታይ ሰበሰበች። አዲስ አበባ ላይ የተዘራው በአምስት ዓመቱ ታጨደ ማለት ነው። የእኛስ? ሐሰት አልናገርም፤ ዋናው ቡድናችን በ1994 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ የሴካፋን ዋንጫ አነሣ፣ በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. ደገመ ደጋገመ። ከዚያ በላይ ግን አልሄድንም። የሌሎቹ የዓመታት ዕቅድ ሲሆን የእኛ የአንድ ሰሞን ድግስ ነበር፤ ድንኳኑ ሲፈርስ ዕቃው ወደየባለቤቱ ተመለሰ።

ሌላም አለ፤ ዕድሜ። አፍሪካ ውስጥ የወጣቶች ውድድር በተነሣ ቁጥር ይኸ ነገር አብሮ ይነሣል። ፊፋ ናይጄሪያን በዚሁ ሰበብ እ.ኤ.አ. በ1989 ቀጥቷታል። በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ የተለየ መልክ ነበረው። የልጁን ዕድሜ የሚያውቁት እናቱ ናቸው፤ እሳቸውም «የማርያም ለት፣ ያ ዝናብ የጠፋበት ክረምት» ነው የሚሉህ። የክርስትና ካርድ ያለው አለ፣ ቀበሌ ሄዶ ያጻፈ አለ፣ ምንም የሌለው ይበዛል። የሚያስቀው የዘመን አቆጣጠራችን ነው፦ በእኛ የተጻፈ የልደት ዓመት ሳይመነዘር ፈረንጅ እጅ ከገባ ልጁ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል! ስንሳሳት እንኳ ራሳችንን በሚጎዳ በኩል ነው የምንሳሳተው። የልደት፣ የሞትና የጋብቻ ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው።

በ2015 ዓ.ም. መባቻ አዲስ አበባ ደግሞ የሴካፋን የ17 ዓመት በታች ውድድር አስተናገደች። ይህኛውን እንኳን የቤቴል ልጆች፣ ጋዜጠኛውም በቅጡ ያስተዋለው አይመስለኝም። ዋንጫውን የወሰደችው ሶማሊያ ናት፤ አዎ፣ ስንት ዓመት በጦርነት የታመሰችው ሶማሊያ። ለፍጻሜ አብራት የቀረበችው ደቡብ ሱዳን ነበረች። ሁለቱም አልጀርያ ላይ ለሚደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አለፉ። ደቡብ ሱዳን ግን እዚያ አልተጫወተችም፤ የእጅ አንጓቸው በኤምአርአይ የታየ አንዳንድ ልጆቿ አጥንታቸው ከ17 ዓመት በላይ ነው ስላለ ታገደች። አሁን ምስክሩ ካርድ ሳይሆን አጥንት ሆኗል። የሚያስተዛዝበው፣ አጥንትም እንደ እናት በግምት ነው የሚናገረው፤ ቁርጡን የሚያውቅ መዝገብ ብቻ ነው።

ከቤታችን ኋላ ልጆቹ የጨርቅ ኳስ የሚያንከባልሉበት ባዶ ቦታ ነበር፤ አሁን አራት ፎቅ ሆኗል። ልጆቹ ወደ ውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን ወርደው ድንጋይ ጎል አድርገው ይጫወታሉ፤ መኪና ሲመጣ ጎሉን አንሥተው ያሳልፋሉ። ከእነሱ ውስጥ በነሐሴ 2008 የተወለደና በወቅቱ የተመዘገበ ካለ፣ 17 ዓመት የሚሞላው በ2025 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው።