ስንጥቁን የሞላው ድንጋይ

ዛሬ የምተርክላችሁ የአንድ ዛፍና የአንድ ድንጋይ ታሪክ ነው።

የአሜሪካዋ ግዛት አሪዞና ከሜክሲኮ ጋር በምትዋሰንበት በኩል ሶኖራ የተባለ በረሃ አለ። እዚያ መስኪት የሚሉት እሾሃም ዛፍ ይበቅላል። ዓይን የሚሞላ ዛፍ አይደለም፤ ግንዱ ተጣሞ፣ ቅርንጫፉ ተንጨፋሮ ነው የሚታየው። ጉዱ ያለው ከመሬት በታች ነው። ቱሳን በምትባለው ከተማ አቅራቢያ የመዳብ ማዕድን ሲቆፈር የዚህ ዛፍ ሥር ከ50 ሜትር በላይ ጠልቆ ተገኝቷል። ውሃ ፍለጋ ነዋ! በረሃ ላይ ተወልዶ ማን ቁጭ ብሎ ዝናብ ይጠብቃል? የአካባቢው ነባር ሕዝቦች፣ ኦኦዳሞች፣ የዛፉን ፍሬ ወቅጠው፣ ዱቄት አድርገው ሲመገቡት ኖረዋል።

ይህ ዛፍ ሲቆረጥ ልቡ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ፣ ጠንካራና ከባድ እንጨት ነው። ሙሉ ጣውላ ግን በቀላሉ አይወጣውም። ጥንዚዛ ቦርቡሮታል፣ ድርቅ ሰንጥቆታል፣ ቅርፊቱም አንዳንድ ቦታ ወደ ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል። ስለዚህ አብዛኛው ዕጣው የአጥር ቋሚና ማገዶ መሆን ነበር፤ ሥጋ ጠባሾችም ጭሱን ይወዱታል። ቶርኖ ላይ እንጨት የሚያዞሩ ባለሙያዎች ግን ሌላ ነገር አዩበት። መስኪት ሲደርቅ እምብዛም አይኮማተርም፤ አይጣመምም። ለጎድጓዳ ሳህን ከዚህ የተሻለ ጠባይ አይገኝም። የቀረው ጣጣ ስንጥቁ ነው። እሱን ምን ያድርጉት?

መልሱ ከዚያው ምድር ወጣ። አሪዞና የመዳብ አገር ናት። መዳብ ባለበት አለት ውስጥ ውሃ ለረጅም ዘመን ሲሰርግ መዳቡን፣ አሉሚኒየሙንና ፎስፈረሱን ይዞ ይወርድና አለቱ በተሰነጠቀበት ቦታ ያሳርፈዋል። ያ ተጠራቅሞ ሲጠነክር ቱርኩዊዝ የተባለው ሰማያዊ ድንጋይ ይሆናል። ልብ አላችሁ? ድንጋዩ ራሱ የተፈጠረው ስንጥቅ ሞልቶ ነው። ኪንግማን፣ ቢዝቢ፣ ሞሬንሲ፣ ስሊፒንግ ቢዩቲ የተባሉት የአሪዞና ማዕድን ማውጫዎች ስማቸው በዚህ ድንጋይ ይታወቃል። ስሊፒንግ ቢዩቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ቱርኩዊዝ ማውጣት አቁሟል። ለቀለበትና ለአንገት ሐብል የሚሆነው ደህና ደህናው ወደ ጌጥ ሠሪዎች ይሄዳል። የሳህኑን ስንጥቅ ለመሙላት የሚፈለገው ከዚያ የተረፈው ስብርባሪ ነው።

ድንጋይን ከእንጨት ማጋባት የትናንት ጥበብ አይደለም። ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ባለሁለት ራስ እባብ አለ፤ ስፋቱ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የሠሩት ሜክሲካዎች፣ በተለምዶ አዝቴክ የምንላቸው፣ ስፔኖች እ.ኤ.አ. በ1521 መዲናቸውን ከመያዛቸው በፊት ነው። ገላው ከሴድሬላ እንጨት ተፈልፍሎ፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ ጥቃቅን የቱርኩዊዝ ቁራጮች በጥድ ሙጫ ተለጥፈውበታል። ያ ሁሉ ድንጋይ ከሰሜን፣ ከዛሬው የአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ፣ በነጋዴ ጫንቃ የመጣ ነው ሲባል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኬሚስትሪ ጥናት ግን የሜክሲካዎቹ ቱርኩዊዝ ከዚያው ከአካባቢያቸው እንደወጣ አመለከተ። እኔ ይህን ስሰማ ደስ ነው ያለኝ። ጥበበኞቹ እጃቸው ላይ ባለው ነገር ነው የሠሩት።

የጥድ ሙጫውን ቦታ ዛሬ የያዘው እኛ ሱፐር ግሉ የምንለው ነው። ሃሪ ኩቨር የተባለ የኮዳክ ኩባንያ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሀል፣ ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ሲፈልግ አገኘው። የነካውን ሁሉ ስለሚያጣብቅ ለተፈለገው ሥራ አልሆነም ተብሎ ተተወ። ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። አየሩና ዕቃው ላይ ያለችው ጥቂት እርጥበት ትበቃዋለች፤ ወዲያው ይደርቃል። ቀጭኑ ዓይነት እንደ ውሃ ስለሚፈስ በድንጋዩ ስብርባሪ መሀል ሰርጎ እስከ ስንጥቁ ሥር ይወርዳል። ለዚህ ሥራ የተመረጠውም በዚህ ጠባዩ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ የኔ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሳህኑ ቶርኖ ላይ ተዙሮ መልኩን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል። ባለሙያው ስንጥቁን በሹል ብረትና በሽቦ ብሩሽ ይፍቃል፤ የሞተ ቅርፊት፣ የጥንዚዛ ብናኝ፣ ልል የሆነ ነገር አንዳች መቅረት የለበትም። ልል ነገር ላይ የተጣበቀ ድንጋይ ነገ ይዞት ይወድቃል። ቀጥሎ የስንጥቁን ዳርና ዳር በስሱ ቨርኒሽ ይቀባል። ይህን የዘለለ ሰው ሙጫው ወደ እንጨቱ ሰርጎ፣ በስንጥቁ ዙሪያ ጥቁር ጥላ የመሰለ እድፍ ጥሎበት ያገኘዋል። ስንጥቁ እስከ ወዲያኛው ገጽ የሚዘልቅ ከሆነ ከጀርባ ፕላስተር ይለጠፍበታል።

ድንጋዩ በመዶሻ ወይም በብረት ሙቀጫ ተፈጭቶ በወንፊት ሦስት ቦታ ተለይቷል፤ አንዱ ክክ የሚያክል፣ አንዱ የጤፍ ፍሬ የሚያክል፣ አንዱ ዱቄት። መጀመሪያ ትልልቁ ከታች ይገባል፤ ክፍተቱን መካከለኛው ይሞላዋል፤ ዱቄቱ ከላይ ይነሰነሳል። ከዚያ ቀጭኑ ሙጫ ጠብ፣ ጠብ ይደረግበታል። ደረቅ ሳለ ደብዘዝ ያለው ሰማያዊ ሙጫው ሲነካው ድንገት ይደምቃል። ቶሎ እንዲደርቅ ማድረቂያ መርጨት ይቻላል። የቸኮለ ግን አብዝቶ ይረጭና ሙጫው ነጭ አረፋ ይሆንበታል፤ ያንን ፍቆ ከማውጣት በቀር መድኃኒት የለውም። አንዱ ሲደርቅ ሌላ ንብርብር ይጨመራል፤ በመጨረሻም ከሳህኑ ገጽ ትንሽ ከፍ ብሎ እስኪታይ ድረስ ይሞላል።

ከባዱ ነገር ከዚህ በኋላ ነው። ቱርኩዊዝ ከእንጨቱ ይጠነክራል። የብርጭቆ ወረቀት በጣት ብቻ ይዘው ቢፈትጉት እንጨቱ ቶሎ ይበላል፣ ድንጋዩ ይቀራል፤ ሳህኑ ላይ እጅ ሲያልፍ የሚቆረቁር እብጠት ይወጣል። ስለዚህ ወረቀቱ ጠንካራ ነገር ላይ ተጠቅልሎ፣ ቶርኖውም ዝግ ብሎ እየዞረ፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው ደረጃ በደረጃ ይኬዳል። ወረቀቱ ድንጋዩን ሲነካ ድምፁ ይለወጣል። የለመደ ጆሮ ዓይን ሳያይ ስንጥቁ የት እንዳለ ያውቃል። ብናኙ ለሳንባ ጠላት ነው፤ በተለይ መዳብ ያለበት ድንጋይ። ስለዚህ በውሃ እያረጠቡ መፈተግና የአቧራ መከላከያ ጭንብል ማድረግ ግዴታ ነው።

አንዳንዶች ስንጥቅ በሌለው ሳህን ላይ ሆን ብለው ቦይ እየቆፈሩ ድንጋይ ይሞላሉ። ያምራል፤ አይካድም። ለኔ ግን ዛፉ ራሱ የከፈተውን መንገድ ተከትሎ የሄደው ሰማያዊ መስመር ይበልጥብኛል። መስመሩ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ የወሰነው ድርቁና ጥንዚዛው ነው፤ ሁለት አንድ ዓይነት ሳህን አይገኝም። ትኩስ ወጥ ግን አታቅርቡበት፤ ሙጫው ሙቀት አይወድም። ለቆሎና ለደረቅ ፍራፍሬ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለምን ተረክሁላችሁ? የመስኪት ዘመድ እኛ ዘንድ ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ወደ አፋር የገባው፣ አፋሮች «ደርጊ ሃራ» የሚሉት ፕሮሶፒስ ከዚያው ወገን ነው። አመጣጡ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ነበር፤ ዛሬ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወርሯል። የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ነጥቋል፣ እሾሁ የከብቱን እግር ይወጋል። የሚቆረጠው ግንድ ከሰል ይሆናል። ከአፋር ወደ ምዕራብ ሽቅብ ስትወጡ ደግሞ ወሎ ነው። በደላንታ፣ በወገል ጤና ገደሎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘው ኦፓል ዓለም ያወቀው ድንጋይ ነው። ወጣቶች ገደሉን ወርደው፣ ነፍሳቸውን አስይዘው ያወጡታል። ትልልቁ ይሸጣል፤ ሲቀረጽ የሚፈረካከሰው ደቃቅ ግን እምብዛም ዋጋ የለውም።

ሳህን መሥራት የፕሮሶፒስን ወረራ ያቆመዋል አልልም። የዛፉ አንድ ችግኝ እንኳ ለዚህ ተብሎ ሊተከል አይገባም። ነገር ግን ዛፉ መቆረጡ አልቀረለትም። ስለዚህ አዋሽ ዳር ከሰል የምታከስሉ ወንድሞች፣ ወፍራሙን ግንድ፣ ስንጥቅም ቢኖረው፣ ለይታችሁ ጥላ ሥር አድርቁት። ኦፓል የምትቀርጹ፣ ደቃቁን አትድፉት። ቶርኖ ያላችሁ የሙያ ማሠልጠኛዎች ሁለቱን አገናኙ። የወገል ጤና ኦፓል ፈሳሽ የሚመጥ ድንጋይ ስለሆነ ሙጫው መልኩን ሊለውጠው ይችላል፤ አስቀድማችሁ በቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሩት። በአንድ ትንሽ ሳህን፣ በአንድ ስንጥቅ ጀምሩ፤ ጭንብላችሁንም አትርሱ።