ድምፅ የሌለው በረዶ

አማርኛችን ለበረዶ ያለው ስም አንድ ነው ማለት ይቻላል። «አመዳይ» የሚለው ቃል በመዝገበ ቃላትና በመጻሕፍት ውስጥ ቢኖርም፣ በዕለት ንግግራችን ከሰማይ የሚወርደውን ነጭ ነገር ሁሉ «በረዶ» ብለን እናልፈዋለን። አይገርምም። አብዛኞቻችን አገር ቤት ያወቅነው በረዶ ጠጠር ነው። ድንገት ይመጣል፤ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲያርፍ አጠገባችን የተቀመጠውን ሰው ቃል እንኳ አያሰማንም፤ ሰብል አጥፍቶ፣ ቅጠል አርግፎ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ያበቃል። በሰሜን አሜሪካ የሚወርደው ግን ሌላ ነው። ድምፅ የለውም። እንደ ላባ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይወርዳል፤ ሲነጋ ሰው መስኮቱን ከፍቶ ሲያይ ሰፈሩ ጠፍቶ ያገኘዋል። መከራውም እዚህ ላይ ነው፤ የማይሰማን ነገር ክብደቱን መገመት ያስቸግራል።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የወደድሁት ስለ አንድ ታላቅ በረዶና ስለ አንድ ጣራ ነው። ቦታው በዋሽንግተን ዲሲ 18ኛው ጎዳና ከኮሎምቢያ ሮድ የሚገናኝበት ማዕዘን ነው። ሰፈሩ፣ አዳምስ ሞርጋን፣ ለብዙ ስደተኛ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም፤ ማኅበረሰቡ ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው ጎዳና ፊቱን ከማዞሩ በፊት፣ በ1980ዎቹ ምግብ ቤቶቻችን የታወቁበት ጎዳና ነው። በዚያ ማዕዘን ባለፍሁ ቁጥር ዓይኔ ሳላዝዘው ወደ ላይ፣ ወደ ጣራዎቹ ይሄዳል። ምክንያቱን እነሆ። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ፤ በእኛ የሆነውን ለይቼ እጠቁማለሁ።)

ነገሩን ከሩቅ ልጀምረው። አሜሪካ ገና ራሷን የቻለች አገር ሳትሆን፣ በ1772 በጃንዋሪ ወር መጨረሻ፣ በዚሁ አካባቢ ታላቅ በረዶ ወርዶ ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን በማውንት ቨርነን ቤቱ ተከትቶ የበረዶውን ነገር በዕለት ማስታወሻው አሰፈረ፤ ጥልቀቱ ሦስት ጫማ ያህል፣ ማለትም ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ነበር። በዚያው ሰሞን ቶማስ ጄፈርሰን፣ በወሩ የመጀመሪያ ቀን ያገባትን ማርታን ይዞ ወደ ሞንቲቼሎ ይጓዝ ነበር። በረዶው ሠረገላውን አላራምድ ስላለ ትተውት፣ የቀረውን ስምንት ማይል ያህል በፈረስ ወጡ። ሴት ልጃቸው ኋላ እንዳወጋችው፣ ሙሽሮቹ በውድቅት ሲደርሱ እሳቱ ሁሉ ጠፍቶ፣ አገልጋዮቹም ወደየጎጇቸው ገብተው ነበር። በተራራው ላይ ያን ጊዜ የሚኖርባት ቤት ባለ አንድ ክፍል ነበረች። ከመጻሕፍት ጀርባ የተረሳ ግማሽ ጠርሙስ ወይን አግኝተው በሳቅና በጨዋታ አመሹ ይባላል።

ለሙሽሮች የሚገባ፣ ደስ የሚል ወግ ነው። ይሁን እንጂ ወጉ «አገልጋዮች» ብሎ የሚያልፋቸው በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። እንጨቱን የሚፈልጡ፣ እሳቱን የሚያነድዱ እጆች የእነርሱ ነበሩ። እኔ ከዚያ ሌሊት የምማረው ይህን ነው፤ ቤት በባለቤቱ ስም ይጠራ እንጂ የሚሞቀው በሌላ ሰው እጅ ነው። ያ እጅ በሌለበት ሌሊት የጌታው ቤት የጡብ ክምር ብቻ ይሆናል።

ይህን ከአገራችን ክረምት እናውቀዋለን። የእኛ ክረምት የዝናብ እንጂ የበረዶ ወራት ባይሆንም፣ ቤትን የሚፈትንበት መንገድ ግን አንድ ነው። ዝናቡ ሳይገባ ኩበቱ ይከመራል፣ ማገዶው ይጠለላል፣ በርበሬው ተሰጥቶ፣ ሽሮው ተፈጭቶ ይቀመጣል። ከሁሉ በላይ ግን ጣራው የሚከደነው በበጋ ነው። ሣሩ ታጭዶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ አንዱ እያቀበለ ሌላው እየከደነ ይሠራል። ሐምሌ ሲገባ ቤቱ የሚፈተነው ማንም ዝናብን ባላሰበበት ወራት በተሠራው ሥራ ነው። በሐምሌ ዶፍ ጣራ ላይ የሚወጣ ሰው ቀኑ ያለፈበት ሰው ነው።

አሁን ወደ ማዕዘናችን እንመለስ። በ1917 ሃሪ ክራንዳል የተባለ የሲኒማ ቤቶች ባለቤት በዚያ ሥፍራ «ኒከርቦከር» የተሰኘ ቴአትር ቤት ከፈተ። የነደፈው ሬጂናልድ ጊር የተባለ ወጣት አርክቴክት ነበር። አዳራሹ 1,700 ያህል ሰው የሚይዝ፣ ለዓይን የሚያምር ነበር፤ ጣራው ግን ዝርግ ነበር።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 1922 ከሰዓት በኋላ በረዶ መውረድ ጀመረ። ከሰሜን የመጣ ብርቱ ቅዝቃዜ ቀደም ብሎ በከተማው ላይ ተኝቶ ነበር፤ ከደቡብ ጠረፍ እርጥበት ተሸክሞ የተነሣው ማዕበልም ቀስ እያለ መጥቶ በላዩ ተደረበ። ዝግ ያለ ማዕበል ነበርና ሌሊቱን አልፎ ቅዳሜንም ሙሉ ቀን ዋለበት። ሲያበቃ በከተማው 28 ኢንች፣ ማለትም 71 ሳንቲ ሜትር፣ በእኛ ልክ ወደ አንድ ክንድ ተኩል የሚጠጋ ተለካ። በይፋ መለካት ከተጀመረ ወዲህ ዋሽንግተን በአንድ ማዕበል ያን የሚያህል አላየችም። የኤሌክትሪክ ባቡሮቹ ቆሙ፣ መንገዱ ተዘጋ። ያን ጊዜ አብዛኛው ቤት የሚሞቀው በድንጋይ ከሰል ነበርና፣ ምድር ቤቱ ከሰል ያለው ሰው በሩን ዘግቶ ተቀመጠ።

ነገር ግን የተከተተ ሰው ይሰለቻል። ቅዳሜ ምሽት ኒከርቦከር በሩን ክፍት አድርጎ ነበር፤ የሚታየውም በአቋራጭ ስለሚከብሩ ሰዎች የተሠራ አስቂኝ ፊልም ነበር። የሰፈሩ ሰው፣ እጮኛሞች፣ ባልና ሚስት፣ ልጆች፣ በረዶውን በእግራቸው እየጣሱ መጡ። በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር። አልፈርድባቸውም። ቀኑን ሙሉ ቤት የዋለ ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ መሳቅ ቢያምረው ምኑ ያስነቅፋል? ደግሞስ ከቤታቸው ጣራ ወጥተው ወደ ሌላ ጣራ መግባታቸው እንጂ ሜዳ ላይ ማደራቸው አልነበረም። በእኛ አቆጣጠር ጥር 20 ቀን 1914፣ የአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ነበር።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ኦርኬስትራው እየተጫወተ፣ ሰዉ እየሳቀ ሳለ ጣራው ተደረመሰ። ጣራው በረንዳውን፣ በረንዳውም ከሥሩ የተቀመጡትን ይዞ ወደቀ። 98 ሰዎች ሞቱ፤ 133 ቆሰሉ። ከሟቾቹ መካከል ሙዚቀኞች፣ አንድ የቀድሞ የፔንሲልቬኒያ የምክር ቤት አባልም ነበሩበት። ወታደሮችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ የሰፈሩም ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ፣ በማግሥቱም ሲቆፍሩ ዋሉ። አምቡላንስ እንደ ልቡ በማያልፍበት መንገድ አስከሬኑ በቅርብ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ተወስዶ ተደረደረ። ያ ባለ ግዙፍ ዓምድ ሕንፃ በ2017 ሆቴል ሆኖ ተከፍቷል።

እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። በተለመደው ግምት አሥር እጅ በረዶ ቢቀልጥ አንድ እጅ ውሃ ይወጣዋል። እንግዲህ 70 ሳንቲ ሜትር በረዶ 7 ሳንቲ ሜትር ውሃ ነው፤ ያም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 70 ኪሎ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው ወጥቶ ተቀመጠ እንደ ማለት ነው፤ ጸጥ ብሎ፣ አንድም ሳይንኳኳ። ከሥሩ ያሉት ሰዎች ግን የሚሰሙት ሙዚቃውን ነበር።

ከአደጋው በኋላ መርማሪዎች ጥፋቱን በበረዶው ላይ ብቻ አልጣሉም። ጣራውን የተሸከሙት ብረቶች ከግድግዳው ጋር የተያያዙበት አሠራር ደካማ ሆኖ ተገኘ። በከተማው ያን ያህል በረዶ የተጫነበት ጣራ ብዙ ነበር፤ የወደቀው ግን ይህ ነው። ሰዎች ተከሰሱ፤ የተፈረደበት ግን አንድም አልነበረም። አርክቴክቱ በ1927፣ ባለቤቱ ክራንዳል ደግሞ በ1937 በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። በሥፍራው በ1923 አምባሳደር የተባለ ሌላ ቴአትር ቤት ተተካ፤ እርሱም በ1969 ፈረሰ። ከዚያ ሌሊት የቀረው ትልቁ ነገር ሐውልት አይደለም፤ የከተማይቱ የሕንፃ ሕግ መጥበቁ ነው። ብረት እንዴት እንደሚታሰር፣ ግድግዳ ምን ያህል እንደሚሸከም የሚደነግግ፣ ሥነ ጽሑፍ ወዳድ የማያነበው ደረቅ ጽሑፍ። እኔ ግን ያን ጽሑፍ እንደ ሙሾ እቆጥረዋለሁ፤ በየአንቀጹ ሥር የሰው ስም አለበትና።

በፌብሩዋሪ 2010 ታላቁ በረዶ በዚሁ አካባቢ በወረደ ጊዜ እኔም ከተከተቱት አንዱ ነበርሁ። በደለስ ኤርፖርት 32.4 ኢንች፣ ማለትም 82 ሳንቲ ሜትር ተለካ፤ የፌዴራሉ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች አራት ቀን ተኩል ተዘጉ። ጎረቤቶቻችን ዳቦና ወተት ሲሻሙ እኛ ሽሮና በርበሬ ነበረን፤ ዋናው ጭንቀት ምጣዱ ነበር። መብራት ከጠፋ የኤሌክትሪክ ምጣድ ዕቃ ብቻ ነውና እንጀራው አስቀድሞ ተጋግሮ ማደር ነበረበት። ጧፍና ሻማ፣ ብርድ ልብስና የተቆላ ቆሎ ተዘጋጀ። እናቴ ከአገር ቤት ደውላ የበረዶውን ነገር ስነግራት ብዙ አልጠየቀችም። «ጣራው ደኅና ነው ወይ ልጄ?» አለችኝ። «ደኅና ነው እማዬ» አልኋት። «ማን ነው የሠራው?» አለች። ማን እንደሠራው የማውቀው ነገር አልነበረም። በዚያው ሰሞን በደለስ የአውሮፕላን መጠለያ ጣራ ከበረዶው ክብደት የተነሣ ተደርምሶ ነበር፤ ሰው ግን አልሞተም።

የእናቴ ጥያቄ የታሪክ ጸሐፊ ጥያቄ ነው እላለሁ። በረዶ ቤት ሲያስቀምጠን የተቀመጥነው በማናውቃቸው ሰዎች እጅ ላይ ነው። ብረቱን ያሰረው፣ ሕጉን የጻፈው፣ በውርጭ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የተበጠሰውን ሽቦ የሚቀጥለው፣ ሌሊት በረዶውን የሚጠርገው ሰው አለ። ከእነርሱም መካከል የእኛ ወገኖች አሉ፤ ሁሉ ሰው ቤቱ ይቀመጥ ሲባል ወደ ሆስፒታል ፈረቃቸው የሚሄዱ ነርሶች፣ እነርሱንም የሚያደርሱ ባለታክሲዎች። ለበረዶ መዘጋጀት ዳቦና ሻማ መግዛት ብቻ ቢሆን አንድ ከሰዓት ይበቃ ነበር። ትልቁ ዝግጅት ግን ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ማንም በማያመሰግንበት ሰዓት የሚሠራው ነው። በ1917 ያ ሥራ ጎደለ፤ ጉድለቱም ከአራት ዓመት በላይ ጸጥ ብሎ በጣራው ላይ ቆየ፤ ዋጋውንም የከፈሉት ያልሠሩት ሰዎች ሆኑ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በረዶ ባለበት አገር የምትኖር ከሆነ፣ ሌሊት ነቅተህ ጸጥታው ሲከብድብህ ከራስህ በላይ ያለውን ጣራ አስበው። ከቆመ፣ ያቆመው ሰው አለ።

ቸር ያሰንብተን።