የዓለማያ ኮሌጅና የጭላሎ ገበሬ ዜና

በ1900 ዓ.ም. በወርኃ ጥቅምት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙ ጊዜ የእርሻ ሚኒስቴርን ለከንቲባ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ሰጡ። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን መንግሥት ከገበሬው አስቀድሞ የሚሻው አሥራቱንና ግብሩን ነበርና፣ ሚኒስቴሩ ገበሬውን የሚያስተምር ባለሙያ ሳያገኝ ብዙ ዘመን ኖረ።

ከዚህም በኋላ፣ ጠላት ከአገር ወጥቶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ዙፋናቸው ከተመለሱ ዘጠነኛው ዓመት ሲሆን፣ በ1942 ዓ.ም. የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ስለ እርሻ ትምህርት ተነጋገረ። እርሱም ወዲያው የፖይንት ፎር የበላይ ኃላፊ ሆነ፤ ፖይንት ፎር የተባለው ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1941 ዓ.ም. የሥልጣን መቀበያ ንግግሩ በአራተኛ ነጥብነት ያነሣው፣ ለሌሎች አገሮች የሙያ እርዳታ የመስጠት ዕቅድ ነው። ቤኔት ግን በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. በኢራን በአውሮፕላን አደጋ ስለ ሞተ፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የተፈረመውን የእርሻ ኮሌጁን ማቋቋሚያ ውል ለማየት አልታደለም።

ትምህርቱም በመጀመሪያ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተጀመረ፤ በሐረርና በድሬዳዋ መካከል በዓለማያ የሚሠራው ሕንፃ ሲደርስም ተማሪዎቹ በ1949 ዓ.ም. ወደዚያ ተዛወሩ፣ በጥር 1950 ዓ.ም. ደግሞ ኮሌጁን ንጉሠ ነገሥቱ መርቀው ከፈቱ። የኮሌጁ ሥርዓት የተቀዳው አሜሪካ መሬት እየሰጠች ካቋቋመቻቸው የክፍለ ግዛት ኮሌጆች ሲሆን፣ ማስተማርን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን፣ ማለትም የምርምሩን ውጤት ወደ ገበሬው ማሳ የማድረሱን ሥራ፣ በአንድ አስተዳደር ሥር የሚያውል ነበር። ነገር ግን በ1955 ዓ.ም. ኤክስቴንሽኑ ከኮሌጁ ተነሥቶ ለእርሻ ሚኒስቴር ተሰጠ፤ በዚህም መምህሩ የገበሬውን ጥያቄ በቀጥታ የሚሰማበት መንገድ ጠበበ። ያም ሆኖ የኮሌጁ ፍሬ ቀላል አልነበረም፤ በ2002 ዓ.ም. በማሽላ ምርምራቸው የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በጅማው ትምህርት ቤትና በዓለማያ የተማሩ ናቸው።

የእርሻ ትምህርት ኃይሉም ወሰኑም ጎልቶ የታየው ግን በአርሲ ነው። በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በጭላሎ አውራጃ፣ መቀመጫው አሰላ የሆነ፣ በተለምዶ ካዱ የተባለውን የግብርና ልማት ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ በቁሉምሳ የስንዴ ዘር እየፈተነ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ሰጠ፣ የአገሩን ላም ከፍሪዥያን ኮርማ ጋር አዳቀለ፣ ወተት ሰበሰበ፣ መንገድ ጠረገ። አርአያ ገበሬ የሚባሉትንም ጎረቤቶቻቸው ራሳቸው እንዲመርጧቸው አደረገ፤ የሚታየው ማሳ የባለሙያው ሳይሆን የጎረቤት ማሳ ሲሆን ገበሬው ያምናልና፣ ይህ ከብዙ ስብከት የበለጠ ብልህ አሠራር ነበር። የእርሻ መሣሪያውን ማሻሻል ግን እንዲህ አልቀለለም፤ ሞፈሩንና ቀንበሩን አራሹ በትከሻው ተሸክሞ ከማሳ ማሳ ይሄዳል፣ ማረሻው ሲዶለዱም የሰፈሩ ቀጥቃጭ በአንድ ጧት ይስለዋል፣ ከውጭ የመጣው አፈር ገልባጭ ማረሻ ግን ለትከሻውም ለበሬዎቹም ይከብዳል፣ ሲሰበርም መለዋወጫው ሩቅ ነው።

ስንዴው ባማረ ጊዜ ያልታሰበው ነገር መጣ። በጭላሎ ብዙው አራሽ ጭሰኛ፣ ማለትም የሌላውን መሬት እያረሰ ከምርቱ ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለርስቱ የሚያስገባ ሰው ነበር። አዲሱ ዘርና ማዳበሪያ ምርቱን ሲያበዙ ባለርስቱ መሬቱን በራሱ ማሳረስ እንደሚያዋጣው ተረዳ፤ ትራክተር ያለ ቀረጥ ይገባ፣ የእርሻ ነዳጅም ከግብር ነፃ ይሸጥ ነበርና፣ ጭሰኛው በአንድ በኩል ኪራይ ተጨመረበት፣ በሌላ በኩል ከነቤተሰቡ ተነቀለ። ድርጅቱም ብድሩን ለጭሰኞችና ለትንንሽ ባለይዞታዎች ብቻ ለመወሰን ሞከረ፣ ስዊድኖቹም መንግሥት ቃል የገባውን የጭሰኝነት ሕግ እንዲያወጣ ደጋግመው ጠየቁ፤ ነገር ግን ረቂቁ የቀረበለት ምክር ቤት ባለርስቶች የበዙበት ስለ ነበር ሕጉ ሳይጸድቅ ቀረ። ስለዚህ የጭላሎው ጥፋት የዕውቀት ጉድለት አልነበረም፤ ትምህርቱ ለገበሬው ተሰጥቶ ትርፉ ለመሬቱ ጌታ ሄደ እንጂ።

ከዚያም ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ፣ ለአንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ወሰነ፣ ጭሰኝነትም ቀረ። የካዱን ሥራ ለመላው አርሲ ያሰፋ አርዱ የተባለ ድርጅት ተከተለ። ይሁን እንጂ ደርግ የተባለው ወታደራዊ መንግሥት ብዙ ማዳበሪያና ብድር ወደ መንግሥት እርሻዎችና ወደ አምራቾች ኅብረት ሥራ አዞረ፣ ገበሬውንም በተወሰነ ዋጋ እህል በኮታ እንዲያስረክብ አስገደደው፤ መሬት ያገኘው አራሽ በዚህ ጊዜ የዋጋው ባለቤት አልነበረም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1987 ዓ.ም. አዲስ የኤክስቴንሽን ሥርዓት ታወጀ፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮም የግብርና ሙያ ኮሌጆች ተከፍተው፣ በየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሦስት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች እንዲመደቡ፣ የገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከልም እንዲሠራ ተወሰነ። በቁጥር ይህ ከቀደሙት ዘመናት ሁሉ የላቀ ነው። ነገር ግን በየቀበሌው የማዳበሪያ ብድር አሰባሰቡና የአስተዳደሩ ሌላ ሌላ ትእዛዝ በዚያው ሠራተኛ ላይ ስለ ተጫነ፣ ገበሬው በደጁ የቆመው ሰው ሊያስተምረው ይሁን ዕዳ ሊጠይቀው ወዲያው ለማወቅ ይቸገር ነበር።