አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር፦ የምንጠብቀው ተስፋ

«አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር» የሚለውን ተስፋ በትንቢተ ኢሳይያስ (65፥17)፣ በሐዋርያው ጴጥሮስ መልእክት (2ኛ ጴጥ. 3፥13) እና በዮሐንስ ራእይ (21፥1) እናገኘዋለን። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው በሆነው በምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ታስተምረዋለች፤ በዐቢይ ጾም አምስተኛ ሰንበት በደብረ ዘይትም የጌታችንን ዳግም ምጽአት ታስባለች።

ብዙዎቻችን ግን ዓለም ይጠፋል፣ ነፍስ ትድናለች ብለን በዚያው እንተወዋለን። ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ እሳቱ ከመናገሩ አስቀድሞ በውኃ ስለ ጠፋው የቀድሞ ዓለም ያነሣል (2ኛ ጴጥ. 3፥6)። ያ ዓለም ጠፋ ቢባልም ኖኅ ከመርከብ የወጣው በውኃ በታጠበችው በዚያችው ምድር ላይ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ፍጥረት ከመበስበስ ባርነት ነጻ እንደሚወጣ ተናገረ እንጂ ተጥሎ እንደሚቀር አልተናገረም (ሮሜ 8፥21)። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የጌታችን ትንሣኤ ነው፤ የተነሣው በተቀበረው ሥጋ ነው፣ የችንካሩም ምልክት በእጆቹ ነበረ።

ይህን ማስተማር በደኅና ቀን ቀላል ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ በናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎችን ሌላ ናዳ ደረበባቸው። ከ200 በላይ ወገኖቻችን ዐረፉ። ከአርባ ምንጭ በስተ ምዕራብ በገረሴና በሌላውም የጋሞ ደጋ ለሚኖር ገበሬ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ እርሱም እንሰቱን የተከለው በተዳፋት ላይ ነው። ያበላችው ምድር ስትቀብረው ምን ተስፋ ያድርግ?

አንዳንዶች «ቁጣ ነው» ለማለት ይፈጥናሉ። ጌታችን ግን የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል (ሉቃ. 13፥4)። በኬንቾም ብዙዎቹ የሞቱት ጎረቤታቸውን ለማዳን አፈር ሲቆፍሩ ነው። ኀዘናችንም የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ጌታችን ሊያስነሣው በሄደበት በአልዓዛር መቃብር አልቅሷልና።

የምትታደሰውን ምድር የሚጠብቅ ሰው ይህችን ምድር ለጥፋት አይተዋትም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡት ወጣቶች ፊት የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር ይዘው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሣር ይዞ መለመን የአገሩ ባህል ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው አንልም። ነገር ግን እንባ ሁሉ የሚታበስበትን ዓለም (ራእ. 21፥4) የሚጠብቅ ምእመን ያን ዕለት ከማን ጋር ሊቆም እንደሚገባው ግልጽ ይመስለናል።

በሥርዓታችን ክርስቲያን ሲቀበር ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ይሆናል፤ ሲነሣ ከምሥራቅ የሚመጣውን ጌታ ፊት ለፊት እንዲያይ ነው። ናዳ የወሰደውና አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው ይህ አልተደረገለትም፤ ጸሎተ ፍትሐት ግን ለእርሱም ይደረጋል። የተኛበትን ስፍራ እኛ ባናውቀው፣ አዳምን ከምድር አፈር ያበጀው ጌታ ያውቀዋል።