ፀሐይ ሁለት ጊዜ አናት ላይ የምትውልባት ጉንደ ወይን

የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ጉንደ ወይን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀትር ላይ በቀጥታ አናቷ ላይ ትውላለች፤ መጀመሪያ ሚያዝያ 12 ገደማ ወደ ሰሜን ስትሻገር፣ ቀጥሎም ነሐሴ 18 ገደማ ወደ ደቡብ ስትመለስ። በእነዚያ ቀናት ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ቀትር ላይ ጥላ አይኖረውም። በመካከላቸው ባሉት አራት ወራት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ፣ በቀሩት ስምንት ወራት ወደ ሰሜን ይወድቃል። የነሐሴውን ደመና ስለሚጋርደው ለማየት የሚመቸው የሚያዝያው ነው።

ይህ ጉዞ በአገራችን መጻሕፍት ከጥንት ጀምሮ ሲጠና ኖሯል። ሙሉ ሆኖ በግእዝ ብቻ የተረፈልን መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 ጀምሮ ፀሐይ በምሥራቅ ባሉ ስድስት ደጆች እየወጣች በምዕራብ ባሉ ስድስት ደጆች እንደምትገባ ይተርካል። ነገሩ በዓይን የሚታይ ነው፤ በጉንደ ወይን የፀሐይ መውጫ በሰኔ ከትክክለኛው ምሥራቅ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ደቡብ ይርቃል። የሰዓቱ ልክ ግን ይለያል። መጽሐፉ በረጅሙ ቀን መዓልቱን የሌሊቱ እጥፍ ያደርገዋል፤ ይህም የጥንት ባቢሎናውያን ይጠቀሙበት የነበረ ስሌት ነው። በጉንደ ወይን ረጅሙ መዓልት ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ብቻ ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የመጽሐፉንም የሰማዩንም መንገድ ያውቅ ነበር። በ1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ ደርሶ ፀሐይንና ከዋክብትን በመሣሪያ እየለካ የቦታውን ኬክሮስ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ አገኘው፤ ከጉንደ ወይን ጋር ተቀራራቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1773 ደግሞ የሄኖክን የግእዝ ቅጂዎች ይዞ አውሮፓ ገባ።

የአብነት ተማሪ የፀሐይን ዓመት የሚማረው በባሕረ ሐሳብ ነው። በዚያ ቁጥር መጋቢት 25 መዓልትና ሌሊት የሚተካከሉበት ዕለት ነው፤ ዛሬ በሰማይ የሚተካከሉት ግን መጋቢት 11 ገደማ ነው። መጋቢት 25 በጁልያን አቆጣጠር ማርች 21 ሲሆን፣ የኒቅያ ጉባኤ በተሰበሰበበት በ325 እ.ኤ.አ. ገደማ የእኩሌታው ዕለት እዚያ ላይ ይውል ነበር። ዓመቱ 365 ቀን ከ6 ሰዓት ተደርጎ ስለሚቆጠር ከፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ያህል ይበልጣል፤ ትርፉ ተጠራቅሞ በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሞላል።

የአብነት መምህሩና የሳይንስ መምህሩ በሚያዝያ አንድ እንጨት ተክለው ለልጆቹ አብረው ቢያሳዩ እጅግ እወዳለሁ። አንዱን ብቻ የተማረ ልጅ የሁለቱን ሳምንት ልዩነት ስሕተት ይለዋል፤ ሁለቱንም የተማረ ግን አባቶቹ ሳያቋርጡ ያቆዩትን የ1,700 ዓመት ቁጥር ያነብበታል።