የከዋክብት መጋረድና የድንቅነሽ ስም

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጧት፣ እኛ ገና ልጆች ሳለን፣ ጨረቃ በፀሐይ ፊት አለፈች። በላሊበላ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና ታየች፤ በእኛ በሆጤ ግን እንደ ማጭድ ጎብጣ ቀረች። ጨረቃም አንዲት፣ ፀሐይም አንዲት ስትሆን ልዩነቱ የመጣው ከቆሙበት ቦታ ነው። ይህን ያስተዋለ ሰው ቀጥሎ የምንጽፈውን ታሪክ ለመረዳት አይቸገርም።

ከጨረቃ ሌላ በፀሐይ ዙሪያ የሚዞሩ አያሌ ሩቅ አካላት አሉ። እነርሱም አልፎ አልፎ በአንድ ኮከብ ፊት ሲያልፉ ብርሃኑን ለጥቂት ሰከንድ ይጋርዱታል። ኮከቡ እጅግ ሩቅ ስለ ሆነ በምድር ላይ የሚያርፈው ጥላ ከጋራጁ አካል ጋር እኩል ስፋት አለው ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ጥላው በሰከንድ 20 ኪሎ ሜትር ቢሮጥና ኮከቡ ለ1 ሰከንድ ቢጠፋ፣ አካሉ በዚያ መስመር ላይ 20 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው ማለት ነው። በልዩ ልዩ ቦታ የቆሙ ሰዎች የለኩት ሲገጣጠም ቅርጹ ይወጣል።

በዚህ ዘዴ ታላላቅ ነገሮች ተገኝተዋል። መጋቢት 1 ቀን 1969 ዓ.ም. ጄምስ ኤሊዮትና ባልደረቦቹ ቴሌስኮፕ በተጫነበት አውሮፕላን በህንድ ውቅያኖስ ላይ እየበረሩ፣ ፕላኔቷ ዩራነስ አንድ ኮከብ ስትጋርድ ተመለከቱ። ኮከቡ ከመጋረዱ በፊትም በኋላም ለቅጽበት እየደበዘዘ ተመለሰ። በዚህም ዩራነስ ቀለበቶች እንዳሏት ታወቀ።

በኋላም ከ2006 እስከ 2017 ዓ.ም. የሠራችው ጋያ የተባለች የአውሮፓ ሳተላይት ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጡ ከዋክብትን ሥፍራ ስለ ለካች፣ ጥላው በየት እንደሚያልፍ አስቀድሞ መተንበይ ቀለለ። ሐምሌ 10 ቀን 2009 ዓ.ም. ከፕሉቶ ማዶ ያለችው አሮኮት በአርጀንቲና ላይ ጥላዋን ስትጥል፣ በኮሞዶሮ ሪቫዳቪያ ከተማ የመንገድ መብራት ጠፋ፤ አውራ ጎዳና ለሁለት ሰዓት ተዘጋ፤ ነፋስ እንዲከልሉም የጭነት መኪናዎች ቆሙ። በዓመቱ ጥላዋ በሴኔጋል ሲያልፍ የሴኔጋል ሊቃውንት ከእንግዶቹ ጋር አብረው ጠበቁ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኮራኩር በአሮኮት አጠገብ ስታልፍ ያየችውን ባለ ሁለት ጉብታ ቅርጽ ጥላው አስቀድሞ ጠቁሞት ነበር።

«ይህ ሁሉ ከወሎ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የውጭ አገር ሰዎች ሉሲ የሚሏት ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገኘችው በሐዳር ነው፤ ሐዳርም ዛሬ በአፋር ክልል ሲሆን በዚያን ዘመን በወሎ ግዛት ይቆጠር ነበር። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ጥቅምት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. የላካት መንኮራኩር በእርሷ ስም ሉሲ ተባለች። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የጎበኘችው ትንሽ ዓለትም ድንቅነሽ ተብሏል፤ የዓለቱ ጨረቃ ደግሞ በዲኪካ በተገኘችው ሕፃን ስም ሰላም ተብላለች።

ሉሲ በመስከረም 2020 ዓ.ም. እንድትጎበኘው የታቀደላት ሌላው ዓለት ፖሊሜሌ ነው። መጋቢት 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ፖሊሜሌ ኮከብ ሲጋርድ 26 ቡድኖች ጠበቁት። ስፋቱ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ካለው መንገድ እምብዛም አይበልጥም። ያን ዕለት ከምድር የነበረው ርቀት ግን 770 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የሁለት ቡድኖች መዝገብ ከሌሎቹ ተለየ። ስሕተት ነው ተብሎ ሳይጣል ቢመረመር፣ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ጨረቃ ተገኘች።

እንግዲህ ስሙ የእኛ ሆኖ ሳለ ጥላውን ቆመው የጠበቁት ሌሎች ናቸው። በእንጦጦ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን፤ ይሁን እንጂ ቴሌስኮፕ ወደ ጥላ ይሄዳል እንጂ ጥላ ወደ ቴሌስኮፕ አይመጣም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው በመኪና የሚጫን ቴሌስኮፕ፣ የማይሳሳት ሰዓት፣ ያየውንም ሆነ ያላየውን በእውነት የሚመዘግብ ተማሪ ነው። «አላየሁም» ብሎ የጻፈም ጥላው የት እንዳበቃ ስለሚያሳይ ድካሙ ከንቱ አይሆንም።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ ይህን በዓል አክብረን ከሆጤ ስንወጣ ምኞታችን አንድ ነው። አንድ ቀን የሩቅ ዓለት ጥላ በወሎ ተራሮች ላይ ሲያልፍ፣ የደሴ ልጆች ሰዓታቸውን ይዘው በቦታቸው ቆመው ይገኙ።