ካሙን በዲግሪ ማስያዝ

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ካምሻፍት የሚገዛ ሰው ጉብታዎቹን በአውራ ጣቱ ጥፍር ይዳስሳል። ጥፍሩን ያዝ ካደረገው ጉብታው ተበልቷል፤ ካንሸራተተው ዋጋ ይጠይቃል። ጥሩ ልማድ ነው። ጥፍር ሊነግረው የማይችለው ግን አለ። ካሙ ከአንዱ ሞተር፣ ጊሩ ከሌላው፣ ቴስታታው ደግሞ ከሦስተኛው የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ገብቶ ስንት ጊዜ እንደተላጨም የሚያውቅ የለም። ይህ ሁሉ ተገጣጥሞ አንድ ሞተር ሲሆን ባልቦላው በትክክለኛው ሰዓት ስለመከፈቱ ማረጋገጫው ምንድን ነው?

ማረጋገጫው በእንግሊዝኛ «ካም ዲግሪይንግ» ይባላል፤ እዚህ «ካሙን በዲግሪ ማስያዝ» ብዬዋለሁ። «ዲግሪ ማስያዝ» ብቻ ቢባል ጆሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስለሚሄድ «በ» የግድ ናት። መካኒኮቻችን ታይሚንግ መግጠም የሚሉት ከዚህ ይቀድማል፤ የካሙንና የክራንክሻፍቱን ጊር ምልክት ለምልክት አጋጥሞ ሰንሰለቱን ወይም ቤልቱን ማልበስ ነው። ምልክቶቹ መግጠማቸው ጥርሶቹ ቦታቸውን መያዛቸውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ባልቦላው መቼ እንደሚከፈት ለማወቅ መለካት ያስፈልጋል።

ላዳን እንውሰድ። የመጀመሪያው ላዳ በ1970 እ.ኤ.አ. ከፊያት 124 ተወርሶ ሲሠራ ሶቪየቶች ካሙን ከብሎኩ አውጥተው ቴስታታው ላይ ሰቀሉት፤ በሰንሰለት የሚዞር ሆነ። ታዲያ ቴስታታው በተላጨ ቁጥር ካሙ ወደ ክራንክሻፍቱ ይቀርባል፤ በሚጎትተው በኩል ሰንሰለቱ ይተርፋል፤ ካሙም ወደኋላ ይቀራል። የጊሩ ግማሽ ስፋት 6 ሴንቲሜትር ገደማ ቢሆንና ቴስታታው ግማሽ ሚሊሜትር ቢላጭ፣ መዘግየቱ በክራንክሻፍት ሲቆጠር ወደ 1 ዲግሪ ይደርሳል። ያረጀ ሰንሰለት መርዘሙ ሲጨመርበት ምልክቱ ገጥሞም ሞተሩ ሰነፍ ይሆናል፤ ባለቤቱም ካርቡራተር ሲያስቀይር ይከርማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እስከ 360 የተቆጠረ ክብ ሰሌዳ ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ይታሰራል፤ ከብሎኩ የተዘረጋ ሽቦ እንደ ጠቋሚ ሆኖ ቁጥሩን ያሳያል። ቀጥሎ የአንደኛው ፒስተን የላይኛው ጫፍ መገኘት አለበት። ፒስተን ጫፍ ላይ ሲደርስ ለጥቂት ዲግሪ የቆመ ስለሚመስል በዓይን አይያዝም። በካንዴላው ቀዳዳ ማገጃ ይገባና ሞተሩ በእጅ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እስኪነካ ድረስ ይዞራል። በአንዱ በኩል 40፣ በሌላው 36 ካነበብን ጠቋሚው በ2 ዲግሪ ተሳስቷል፤ ሁለቱም ጎን 38 እስኪሆን ይስተካከላል። እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው የቀረው ልኬት ሁሉ ይበላሽበታል፤ እኔ ብሆን ሦስቴ እደግመዋለሁ።

ማገጃው ከወጣ በኋላ ዳያል ጌጅ በማስገቢያ ባልቦላው ላይ ይደገናል። ባልቦላው ሙሉ በሙሉ የተከፈተበት ነጥብ ይፈለግና፣ ከዚያ በፊትና በኋላ መከፈቱ በ1.27 ሚሊሜትር የሚያንስባቸው ሁለት ቁጥሮች ይመዘገባሉ። ሞተሩ ሁልጊዜ በሥራ አቅጣጫው ብቻ ይዙር፤ ወደኋላ ከተመለሰ የሰንሰለቱ ልልነት ልኬቱን ያዛባል። ቁጥሮቹ 72 እና 152 ቢሆኑ አማካዩ 112 ነው። ከካሙ ጋር የመጣው ወረቀት 108 የሚል ከሆነ ካሙ 4 ዲግሪ ዘግይቷል።

ይህን ጥርስ በማዝለል ማረም አይቻልም። 38 ጥርስ ባለው ጊር አንድ ጥርስ በካሙ 9.5 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ክራንክሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር ካሙ አንዴ ስለሚዞር ደግሞ በክራንክሻፍት 19 ይሆናል። ለ4 ዲግሪ የሚያስፈልገው ብሎኑ ሲላላ የሚንሸራተት፣ የሚስተካከል ጊር ነው።

ጉልበት ይጨምራል የተባለ ካም ለሚገዛ ሰው ይህ ሥራ እዚህ ከተማ ይበልጥ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለው ካም ማስገቢያ ባልቦላውን ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ስለሚያቆይ፣ ፒስተኑ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረም በኋላ ሲሊንደሩ ቶሎ አይዘጋም። ሞተሩ ሲፈጥን ይጠቅማል፤ ዝግ ሲል ግን የገባው አየር ተመልሶ ይገፋል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በዚህ ላይ ካሙ ከዘገየ መኪናው እንጦጦን ሰው ጭኖ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ዝቅተኛውን ዙር ያነቃዋል። ለታክሲና ለጭነት ግን የፋብሪካውን ካም በዲግሪ አስይዞ መንዳት ይሻላል ባይ ነኝ።

መሣሪያው ውድ መሆን የለበትም። ሰሌዳው ወረቀት ላይ ታትሞ ቆርቆሮ ላይ ሊለጠፍ ይችላል፤ ማገጃውንም ቶርኖ ቤት ከአሮጌ ካንዴላ አንገት ይሠራዋል። ካሙን ያስቀደመ ሰው ግን ማስገቢያ ባልቦላውን ወደ ፒስተኑ አቅርቧልና፣ ቴስታታውን ለመጨረሻ ጊዜ ከማሰሩ በፊት ፒስተኑ ላይ ፕላስቲሲን ለጥፎ፣ ቴስታታውን ለሙከራ ገጥሞ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙር። ፈትቶ ሲለካው ፕላስቲሲኑ በማስገቢያው በኩል ከ2፣ በማስወጫው ከ2.5 ሚሊሜትር የሳሳ ከሆነ ሞተሪኖውን አይንካ።